ፎክስ ተመልካቹን ለምን ፈራ?

በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ምሽት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፎክስ ኒውስ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። አሪዞና ላይ ጆ ባይደን አሸንፏል ብሎ አወጀ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሌሎቹ ትልልቅ ጣቢያዎች ገና ትንፍሽ አላሉም ነበር። ከትራምፕ ሰዎች በኩል ቁጣው በስልክ ወረደ። ፎክስ ግን ንቅንቅ አላለም። ቆጠራው ሲጠናቀቅም ባይደን አሪዞናን በ10,457 ድምፅ ወሰዱ።

አንድ የዜና ድርጅት ከሁሉም ቀድሞ ትክክለኛውን ውጤት ቢናገር ይመሰገናል እንጂ ይቀጣል ብሎ ማን ያስባል? ፎክስ ግን ተቀጣ። የቀጣው መንግሥት አይደለም። ፍርድ ቤትም አይደለም። የራሱ ተመልካች ነው። ሰዉ ተናዶ ቻናል ቀየረ። «ምርጫው ተሰርቋል» የሚለውን ወሬ ሳይሰስት ወደሚያቀርበው ኒውስማክስ ጎረፈ። ውሳኔውን በአየር ላይ የተከላከለው የፎክስ የፖለቲካ አርታኢ ክሪስ ስታየርዎልት በጃንዋሪ 2021 ከሥራ ተሰናበተ። ድርጅቱ ምክንያቱ የመዋቅር ለውጥ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ በፎክስ ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ የምናውቀው በአንድ ክስ ምክንያት ነው። ዶሚኒየን የምርጫ ማሽን የሚሠራ ኩባንያ ነው። የትራምፕ ጠበቆች ፎክስ ላይ እየቀረቡ ማሽኖቹ ድምፅ ከትራምፕ ወደ ባይደን አዛውረዋል ሲሉ ከረሙ። በሬ ወለደ ነው። ኩባንያው በማርች 2021 የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ክሱ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ገንዘቡ አልነበረም። የፎክስ አቅራቢዎችና አለቆች እርስ በርስ የተላላኳቸው የስልክ መልእክቶችና ኢሜይሎች አደባባይ ወጡ።

አንዷን ብቻ እንይ። በኖቬምበር 12፣ 2020 አንዲት የፎክስ ሪፖርተር ትራምፕ ስለ ዶሚኒየን ትዊተር ላይ የጻፉትን ውሸት አረመች። ምርጫው እንደተጭበረበረ የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን የምርጫ ባለሥልጣናት ተናግረዋል ብላ ጻፈች። ሥራዋ ነው። የፎክስ አቅራቢ የነበረው ታከር ካርልሰን ይህን ሲያይ ለባልደረቦቹ ለሾን ሃኒቲና ለሎራ ኢንግራም መልእክት ላከ። ትባረር አለ። ይሄ ነገር ዛሬ ማታውኑ መቆም አለበት፣ ኩባንያውን እየጎዳ ነው፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል አለ። ልብ በሉ፣ «የጻፈችው ውሸት ነው» አላለም። ሪፖርተሯም ጽሑፉን አጠፋችው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ሌላ የፎክስ ጋዜጠኛ የትራምፕን የማጭበርበር ክስ በአየር ላይ ነጥብ በነጥብ ውድቅ አደረገ። የጣቢያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሱዛን ስኮት በኢሜይል ቆጣ አሉ። ተመልካቹ በግኗል፣ ይህ ለንግዱ ጥሩ አይደለም የሚል ነበር መንፈሱ። የፎክስ ባለቤት ሩፐርት መርዶክ በጠበቆች ተጠይቀው በመሐላ የሰጡት ቃልም አለ። አንዳንድ አቅራቢዎቻቸው የተሰረቀ ምርጫ የሚለውን ወሬ እንደደገፉ አመኑ። ያንን ወሬ ይዘው የሚመጡ እንግዶች እንዳይቀርቡ ማድረግ እችል ነበር፣ ግን አላደረግሁም አሉ። ነገሩ የቀይና የሰማያዊ ሳይሆን የአረንጓዴ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁም ተስማሙ። ቀዩ ሪፐብሊካን ነው፣ ሰማያዊው ዴሞክራት፣ አረንጓዴው ዶላሩ።

በኤፕሪል 18፣ 2023፣ የጁሪ አባላቱ ተመርጠው ችሎቱ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የዴላዌሩ ዳኛ ኤሪክ ዴቪስ ከዚያ በፊት በጽሑፍ በሰጡት ውሳኔ ስለ ዶሚኒየን ከተባለው ውስጥ እውነት የሆነ አንድም እንደሌለ ግልጽ አድርገዋል። ፎክስ ግን ተመልካቹን በአየር ላይ ይቅርታ እንዲጠይቅ አልተገደደም። ለእኔ የዚህ ስምምነት ትልቁ ጉድለት እሱ ነው። ገንዘቡ ለኩባንያው ተከፈለ፤ የተዋሸው ሰው ግን እንደተዋሸ ቀረ።

እኛ ተራማጆች ስለ ፎክስ ስናወራ ብዙ ጊዜ «ሕዝቡን ያሞኛል» እንላለን። እነዚህን መልእክቶች ያነበበ ሰው ግን ነገሩ ወዲህ መሆኑን ያያል። ጣቢያው ተመልካቹን አሠልጥኖታል፣ አሁን ደግሞ ተመልካቹ ጣቢያውን ይነዳዋል። ለሃያ ምናምን ዓመት «ሌሎቹ ሁሉ ይዋሹሃል፣ እውነቱን የምነግርህ እኔ ብቻ ነኝ» ስትለው የኖርከው ሰው፣ አንድ ቀን የማይወደውን እውነት ስትነግረው አንተንም ከሌሎቹ ይመድብሃል። ፎክስ የፈራው ይህንን ነው። ፍርሃቱም ልክ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ ብሎ ውሸቱን መረጠ።

እዚህ እንዴት ተደረሰ? ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በ1987 ላይ ነው። ከ1949 ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አወዛጋቢ ጉዳዮችን ሲያነሱ የተለያየ አመለካከት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ ነበረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1969 ደንቡን አጽንቶታል። በሬገን ዘመን ኮሚሽኑ ሰረዘው። ኮንግረስ በሕግ ሊያጸናው ሞክሮ ነበር፣ ሬገን ግን አልፈርምም አሉ። በዓመቱ፣ በ1988፣ ረሽ ሊምቦ በሬዲዮ ወደ መላ አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። በቀን ሦስት ሰዓት፣ ተቃራኒ ሐሳብ የሌለበት፣ በቀልድና በስድብ የተዋዛ ፖለቲካ። ገበያው ደራለት።

ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ እንሳሳታለን። ያ ደንብ ዛሬ ቢኖር ፎክስን አይነካውም ነበር። ደንቡ የሚመለከተው የሕዝቡን የአየር ሞገድ በፈቃድ የሚጠቀሙትን ነው። ፎክስ ኒውስ የኬብል ቻናል ነው። ስለዚህ «ያንን ደንብ እንመልሰው» የሚለው የተራማጆች ምኞት የዛሬውን ችግር አይፈታውም። ሌላም ነገር አለ። ማን ሚዛናዊ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን የሚወስን መሥሪያ ቤት በነማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ባለፉት ጊዜያት አይተናል። እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሳዋለሁ።

ለእኔ ከ1987 ይልቅ 1996 ይበልጣል። በፌብሩዋሪ ቢል ክሊንተን የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጉን ፈረሙ። አዎ፣ ዴሞክራቱ ክሊንተን። ሕጉ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ስንት የሬዲዮ ጣቢያ ሊኖረው ይችላል የሚለውን ገደብ አነሳ። ክሊር ቻነል የሚባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። በየከተማው የነበረው የአካባቢ ሬዲዮ ሰው አልባ ሆነ። አንድ ድምፅ ከአንድ ስቱዲዮ ሺህ ከተማ ደረሰ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መርዶክና ሮጀር ኤይልስ ፎክስ ኒውስን ከፈቱ። ኤይልስ የኒክሰን፣ የሬገንና የቡሽ አባት የምርጫ ዘመቻ አማካሪ የነበረ ሰው ነው። ጣቢያውን ያቋቋመው የዜና ሰው ሳይሆን የቅስቀሳ ባለሙያ ነው ማለት ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ይህችን ስሙ። የኬብል ቢላችሁ ውስጥ የፎክስ ድርሻ አለበት። ከፍታችሁት ባታውቁም ትከፍላላችሁ። የኬብል ኩባንያው ለፎክስ በየወሩ በደንበኛ ቁጥር ይከፍላል፣ ከእናንተ ላይ ያነሳል። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ሸሽተው ካርልሰንን ብቻውን ሲተዉት እንኳ ጣቢያው ያልተንገዳገደው ለዚህ ነው። ዋናው ጉዳይ ኬብል ኩባንያው ፎክስን ላውጣው ቢል አገር ይያዝልኝ የሚል ታማኝ ተመልካች መኖሩ ነው። ታማኝነቱ ራሱ ነው የሚሸጠው።

ይህ ሁሉ ሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ እንሂድ። 58 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት፣ ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ስትመነምን የኖረች ከተማ ናት። ከኮቪድ በኋላ ሥራ ተከፈተ። በጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከ12 እስከ 15 ሺህ የሚገመቱ ሄይቲያውያን ገቡ። ክሊኒኩ ተጨናነቀ፣ የቤት ኪራይ ናረ፣ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ አጣ። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። መዘገብም፣ በጀት ሊመደብላቸውም ይገባ ነበር።

በ2024 በጋ መጨረሻ አንዲት ሴት ፌስቡክ ላይ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ጓደኛ ድመት አንድ ወሬ ጻፈች። ሰው ለሰው ሲቀባበለው የመጣ ወሬ ነው። ሄይቲያውያን በልተዋታል ተባለ። የከተማው ፖሊስ እንዲህ ዓይነት ተአማኒ ሪፖርት አልደረሰንም አለ። ወሬው ግን ከዚያ በፊት ሮጦ የትራምፕ ምክትል እጩ የነበሩት ጄዲ ቫንስ ጋ ደርሷል። በሴፕቴምበር 10 ዶናልድ ትራምፕ ከካማላ ሃሪስ ጋር ባደረጉት ክርክር ላይ፣ በአሥር ሚሊዮኖች ፊት፣ ስደተኞቹ የሰዉን ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። የኤቢሲው ጋዜጠኛ ዴቪድ ሚዩር የከተማውን አስተዳዳሪ ጠይቀን ውሸት ነው ብለውናል አለ። ትራምፕ በቴሌቪዥን አይቻለሁ ብለው መለሱ።

«በቴሌቪዥን አይቻለሁ»። ወሬው ከፌስቡክ ወጥቶ ጣቢያ ገባ፣ ከጣቢያው እጩው ጋ፣ ከእጩው ደግሞ እንደገና ወደ ጣቢያው። በየዙሩ አንድ ማስረጃ ሳይጨመርበት ክብደት ጨመረ። በሚቀጥሉት ቀናት ከተማዋ ከ30 በላይ የቦምብ ማስፈራሪያ ደረሳት። ሁሉም ሐሰት ነበሩ፣ ግን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሆስፒታሎች ተፈተሹ። ገዥው ማይክ ደዋይን ፖሊስ ልከው ትምህርት ቤቶቹን በየማለዳው አስፈተሹ። ደዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፣ ትራምፕን የሚደግፉ፣ የተወለዱትም እዚያው ስፕሪንግፊልድ ነው። ወሬው ውሸት እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ። ቫንስ ግን ሲኤንኤን ላይ ቀርበው፣ የአሜሪካ ሚዲያ የሕዝቡን ስቃይ እንዲያይ ታሪክ መፍጠር ካለብኝ እፈጥራለሁ የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ ይፈለጋል?

ኢትዮጵያውያን የዚህን ውሸት ጣዕም እናውቀዋለን። ትራምፕ በ2025 ሕዳሴ ግድብ የተሠራው በአሜሪካ ገንዘብ ነው አሉ። አንዴ ተናግረው አልተዉትም፣ ደጋገሙት። ከደመወዙ ተቆርጦ ቦንድ የገዛ አስተማሪ፣ ጅዳና ዱባይ ሆና ከወር ገቢዋ ያዋጣች እህት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም። እኛ ጉዳዩን ስለምናውቀው ዓይን አውጣ ውሸት ነው አልን። ያንኑ ንግግር የሰማ አንድ የኦክላሆማ አረጋዊ ግን በምን ያውቃል? የሚያየው ጣቢያ ካላረመለት ማን ያርምለታል?

እዚህ ላይ ስለራሳችን ወገንም በግልጽ ማውራት አለብኝ። ኤምኤስኤንቢሲ፣ አሁን ኤምኤስ ናው የተባለው፣ በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ተመልካቹን በሩሲያ ጉዳይ ላይ ለዓመታት ተስፋ ሲመግበው ኖረ። አንድ የቀድሞ የእንግሊዝ ሰላይ ስለ ትራምፕና ሩሲያ ያጠናቀረው፣ ያልተረጋገጡ ነገሮች የሞሉበት የስቲል ሰነድ እንደ እውነት ተወራ። በ2019 የሮበርት ሙለር ሪፖርት ሲወጣ ሩሲያ ምርጫው ውስጥ እጇን ማስገባቷን አረጋገጠ፤ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ ጋር ማሴሩን ግን አላረጋገጠም። ብዙ ተመልካች ሰማይ የተደፋበት ያህል ደነገጠ። ሌላው የባይደን ዕድሜ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ልዩ አቃቤ ሕግ ሮበርት ኸር ፕሬዚዳንቱ የማስታወስ ችሎታቸው እንደተዳከመ ሲጽፉ የእኛ ተንታኞች የተረባረቡት በጸሐፊው ላይ ነው። በጁን 27ቱ ክርክር አገር ሁሉ አየ። ተመልካቻችንን እንዳናስከፋ ብለን ነው ዝም ያልነው። ይሄ የፎክስ በሽታ ነው።

ግን «ሁለቱም ያው ናቸው» የሚለውን አልቀበልም። ከዚያ ክርክር በኋላ ባይደን ይውረዱ ብለው መጀመሪያ ከጮኹት መካከል የዴሞክራት ወገን የሆኑት የፖድ ሴቭ አሜሪካ አቅራቢዎችና የኒው ዮርክ ታይምስ ርእሰ አንቀጽ ይገኙበታል። አንድ ወር ሳይሞላ ባይደን ራሳቸውን አገለሉ። በሌላው ወገን በጃንዋሪ 6፣ 2021 የሆነውን አስታውሱ። ኢንግራምና ሃኒቲ ምክር ቤቱ ሲወረር ለዋይት ሐውሱ ማርክ ሜዶውስ ፕሬዚዳንቱ ሰዉን ያስቁሙ እያሉ መልእክት ሲልኩ ነበር። ማን እንዳደረገው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ኢንግራም ግን በዚያው ምሽት ፕሮግራሟ ላይ አንቲፋ የሚባሉት ግራ ዘመሞች ሰልፈኛው መሐል ሳይገቡ አልቀሩም የሚል ወሬ አቀረበች። መሳሳት አንድ ነገር ነው። እያወቁ ሌላ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ከተራማጆች ሰፈር ዘወትር የሚሰማው መልስ «የራሳችንን ፎክስ እንገንባ» ነው። ተሞክሯል። ኤር አሜሪካ የተባለ የግራ ዘመም ሬዲዮ በ2004 ተከፈተ፣ በ2006 ኪሳራ አወጀ፣ በ2010 ተዘጋ። አሁን ደግሞ በዩቲዩብና በፖድካስት እየተሞከረ ነው። ሚዳስ ተች በሚሊዮን የሚቆጠር ተከታይ አለው። የቪዲዮዎቹን ርዕስ አንብቡ፤ ትራምፕ በየቀኑ አልቆላቸዋል፣ በየቀኑ ተንኮታኩተዋል። በማግስቱ ግን ሰውየው ቦታቸው ላይ ናቸው። ለቪው ሲባል የተጋነነ ተስፋ ሰዉን አያነቃውም፤ ቁጭ አድርጎ ያስጨበጭበዋል። የእኛው የአማርኛ ዩቲዩብ ላይም ያው ነው። «ሰበር» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ የደነገጠ ፊት፣ ሃያ ደቂቃ ወሬ፣ አንድ ደቂቃ ዜና። ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ሼር የሚደረገው እሱ ነው።

በዚህ መሐል የጠፋው ሪፖርተሩ ነው። ከ2005 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከ3,200 በላይ ጋዜጦች ተዘግተዋል። በሳምንት ከሁለት በላይ ማለት ነው። ከ200 በላይ ካውንቲዎች አንድም የአካባቢ ዜና ምንጭ የላቸውም። የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ፣ የውሃ ሂሳብ ለምን ጨመረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሰዉ ግን ዜና ሳይሰማ አይውልም። ባዶውን ቦታ የሞላው የዋሽንግተኑ ጠብ ነው።

የተረፈው ላይ ደግሞ መንግሥት ዱላ አንስቷል። ወደ ኋላ አነሳዋለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ኤቢሲ ትራምፕ ላቀረቡት ክስ በዲሴምበር 2024 ለፕሬዚዳንታዊ ቤተ መጻሕፍታቸው 15 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ። የሲቢኤስ ባለቤት ፓራማውንት በጁላይ 2025 16 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ወር ከስካይዳንስ ጋር ለመዋሃድ ሲጠብቅ የነበረውን ፈቃድ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አገኘ። በሴፕቴምበር የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ብሬንዳን ካር በኮሜዲያኑ ጂሚ ኪመል ላይ ዛቱ፣ ኤቢሲም ፕሮግራሙን ለቀናት አገደው። የመለሰው ደንበኞች የኤቢሲን ባለቤት ዲዝኒን እየሰረዙ ጫና ስላደረጉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ብዙ ጩኸት ያልተሰማበት ነው። በዚያው ጁላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ሰበቡ የሕዝብ ሬዲዮው ኤንፒአር ለግራ ያደላል የሚል ነው። የሚጎዱት ግን የዋሽንግተን ጋዜጠኞች አይደሉም። አላስካ ውስጥ ቤተል ከተማ በእንግሊዝኛና በዩፒክ ቋንቋ የጎርፍና የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፈው ትንሽ ጣቢያ ነው። በማርች 2025 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ዝም እንዲል ተደረገ። 1,300 ገደማ ሠራተኞቹ በአንድ ቀን ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ። በደርግ ዘመን መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፁን ቀንሰው የአማርኛውን ፕሮግራም ይሰሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ዋይት ሐውስ ይህን ሬዲዮ አክራሪ ብሎ ፈረጀው።

ተራማጆች ከኪሳችንም ከምክር ቤት ወንበራችንም መጀመር ያለብን እዚህ ነው። ኒው ጀርሲ በ2018 ለአካባቢ ዜና ገንዘብ የሚሰጥ፣ ከመንግሥት ገለልተኛ የሆነ ድርጅት በሕግ አቋቁማለች። ኒው ዮርክ በ2024 ጋዜጠኛ ለሚቀጥሩ የአካባቢ ሚዲያዎች በሦስት ዓመት 90 ሚሊዮን ዶላር የታክስ ቅናሽ አጽድቃለች። ትንሽ ገንዘብ ነው። ካማላ ሃሪስ በሦስት ወር ዘመቻ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦላቸው አብዛኛው በማስታወቂያ አልቋል። ማስታወቂያው ምርጫው ባለፈ ማግስት ዋጋ የለውም። ሪፖርተር ግን በማግስቱም ሥራ ይገባል።

አንዳንዱ ወዳጄ ይህን ስለው ስፕሪንግፊልድን ያነሳብኛል። እዚያ እኮ የአካባቢ ጋዜጣ ነበር፣ ፖሊስንም ጠይቆ እውነቱን ጽፏል፣ ካውንቲው ግን ትራምፕን መረጠ ይለኛል። ልክ ነው፣ መረጠ። ግን ጋዜጣው ለሃሪስ ድምፅ እንዲያመጣ አልነበረም የሚጠበቅበት። የከተማው አስተዳዳሪ፣ ገዥው፣ የኤቢሲው ጋዜጠኛ «ውሸት ነው» ያሉት አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ፖሊሱንና ማዘጋጃ ቤቱን ስለጠየቀ ነው። ፋብሪካ የሚሠሩት ሄይቲያውያን ላይ ያ ወሬ ሲመጣ ከጎናቸው የነበረው ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር። ጋዜጣ በሌላቸው ከ200 በላይ ካውንቲዎች ውስጥ ተመሳሳይ ወሬ ነገ ቢነሳ የሚደውል ሰው የለም። እዚያም ስደተኞች አሉ፤ ከመካከላቸውም የእኛ ልጆች ይገኙበታል።